ዝናብ ሳይጥል የሚሄዱት ሰዎች

«ዝናብ ሳይጥል ይሄዳሉ» ትላለች ቡ ሙርጂ። ሳሙና ለሚገዛው ትላለች፤ እንቁላል ለሚገዛው ትላለች፤ ምንም ሳይገዛ ከፀሐይ ሸሽቶ ከሱቋ በረንዳ ሥር ለቆመውም ትላለች። ሱቋ መንደሩ ውሃ ከሚቀዳበት ቧንቧ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ የመጣ ሁሉ ባልዲውንም ጆሮውንም ሞልቶ ነው የሚመለሰው። ቡ የሚለውን ማዕረግ አምስት ልጅ አሳድጋ ያገኘች ሴት ናት፤ ማንም አፏን ሊያስዘጋት አይደፍርም። የሚገርመው ግን አራት ወር ሙሉ አንድ ወሬ ሳትቀይር ማውራቷ ነው። ሌላ ጊዜ ወሬዋ እንደምትሸጠው ዓሣ ነው፤ ሦስት ቀን ካለፈው ትጥለዋለች።

ይሄዳሉ የተባሉት ዊያቲና ቤተሰቧ ናቸው። ዊያቲ የዚያው በኢንዶኔዥያ የመርባቡ ተራራ ሥር ያለ መንደር ልጅ ናት። በሃያ ሁለት ዓመቷ የሰው አሮጊት ልታስታምም ታይዋን ሄደች፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ባል፣ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ፣ የሦስት ዓመት ወንድ ልጅና አራት ትልልቅ ካርቶን ይዛ፣ እናቷ ትታላት ወደሞተችው ቤት ተመለሰች። ባሏ ሚንዴ የታይዋን ሰው ነው፤ በሩን ጎንበስ ሳይል የማያልፍ ረጅም። አፉ ዝምተኛ ነው፤ እጁ ግን ዝም አይልም። አሥራ አምስት ዓመት እዚያው አገሩ የብሎን ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል። በመጣ በሳምንቱ የጎረቤቱን ቬንቲሌተር ፈትቶ ገጠመ፤ በወሩ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ሳይቀር ከእጁ ገብቶ ወጣ።

ዊያቲ ወሬውን ስትሰማ የተናደደችው ውሸት ስለሆነ አልነበረም። እውነት ሊሆን ስለሚችል ነው። ሲመጡ አውሮፕላን ውስጥ፣ ሁለቱ ልጆች ጭናቸው ላይ ተኝተው፣ ከሚንዴ ጋር ውል ገብታለች።

«እስከ መጀመሪያው ዝናብ እንሞክረው» አላት። «ያን ጊዜ ልጆቹም እኔም ካልለመድን እንመለሳለን። ከለመድን ግን ሁለተኛ የመመለስ ነገር ከአፌ አይወጣም።»

ፋብሪካውም ቦታውን እስከዚያው ሊያቆይለት ቃል ገብቷል። ካርቶኖቹም እስከዚያው እንዳይፈቱ ሚንዴ ለመናት፤ ሁለቴ ማሸግ አልወድም አለ። ዊያቲ እሺ አለች፤ በልቧ ግን ነገሩ ያለቀ ነበር። የሰው እናት እያጠበች፣ እያጎረሰች፣ የራሷን እናት ቀብር በስልክ የሰማች ሴት ናት። ከእንግዲህ ከዚህ ግቢ የሚያስወጣኝ ቃሬዛ ብቻ ነው ብላ ወስናለች። ውሳኔዋ ግን ለብቻዋ ምን ይሆናል? ሚንዴ ካልለመደ ቤቱን ይዛ ልትቀር ነው፣ ወይስ ባሏን ይዛ ልትሄድ?

ያን ውል ከሁለቱ በቀር የሰማ የለም። ታዲያ ቡ ሙርጂ ዝናቡን ከየት አመጣችው? ሚንዴ እንዳይባል በመንደሩ ቋንቋ የሚያውቀው ከአሥር ቃል አይበልጥም፤ ከአሥሩም ስድስቱ የመሣሪያ ስም ነው። ሄዳ እንዳትጠይቃት ደግሞ ኩራቷ አልፈቀደላትም። ወሬን መጠየቅ ወሬን ማመን ነው ትላለች ዊያቲ። እናም ቧንቧው ጋ በደረሰች ቁጥር አንገቷን ቀና፣ ባልዲዋን ሞላ፣ ደህና ዋሉ፣ አለቀ።

ልጆቹስ? የእናታቸውን ቋንቋ ከእሷ አፍ ለምደው ነው የመጡት። ትንሹ ባዩ በሁለተኛው ሳምንት ጫማ እንደነበረው ረሳ። ግድግዳ ላይ የሚሄዱትን እንሽላሊቶች አንድ በአንድ ስም አውጥቶላቸዋል። ታላቋ ኪናሲ ደግሞ ከሱቁ አትጠፋም። ሲልኳት ትሄዳለች፤ ሳይልኳትም ትሄዳለች። ስትመለስ ጉንጯ ተነፍቶ፣ ከቡ ሙርጂ ትልቅ ቆርቆሮ ጣሳ የወጣው ክሩፑክ የሚባል ስስ ጥብስ ከአፏ ይንኮሻኮሻል፤ ነጭ ፍርፋሪው እስከ ደረቷ ነው። ዊያቲ ይህን አይታ ቡ ሙርጂን በግማሽ ይቅር ብላታለች። ምላሷ መርዝ ቢሆንም ለልጅ እጇ ሰፊ ነው።

ያልለመደው ሚንዴ ነበር። አመሻሹ ላይ የመንደሩ ወንዶች መንገድ ዳር አግዳሚ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። እሱ ሲያልፍ «ና፣ አረፍ በል» ይሉታል። እሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ አመስግኖ ያልፋል። አንድ ቀን ቤት ገብቶ እንደሚስቁበት ነገራት።

«እነሱ ምን እንደሚሉ ሲጠፋቸው ነው የሚስቁት» አለችው ዊያቲ።

«እግራቸውን እያወዛወዙ ነው የሚስቁት። ሁሉም እኩል፣ እንደ ሕፃን። ቁመቴን ነው የሚያሾፉበት።»

ሚንዴ በየማለዳው ቡናውን ይዞ ደጅ ይወጣና የመርባቡን ጫፍ ያያል። ደመና ሲያይ ፊቱ ይፈካ ይሁን ይጨልም፣ ሰባት ዓመት አብራው ኖራ ዊያቲ መለየት አቃታት።

ነገሩ የፈነዳው አንድ ረቡዕ ቧንቧው ጋ ነው። ቡ ሙርጂ ከባንኮኒዋ ጎንበስ ብላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ካርቶኖቹን እስካሁን አልፈታችኋቸውም አሉ፤ ጥሩ ነው፤ ድካም ይቀንሳል» አለቻት። ዊያቲ ባልዲዋን አንስታ ሄደች። ግማሹን ውሃ በመንገድ ላይ አፈሰሰችው፤ ከንዴት።

ቤት እንደደረሰች ወሰነች። እዚያ መንደር አዲስ ቤት የገባ ሰው ወንዶቹን ይጠራል፤ የሰፈሩ ሊቀመንበር ግብዣው የምን እንደሆነ ይናገራል፤ ጸሎት ይደረጋል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሰው የምግብ ሳጥኑን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዊያቲ ይህን አላደረገችም ነበር፤ ሚንዴ መሃላቸው እንደ ምሰሶ ተገትሮ ሲቀመጥ ማየት አልፈለገችም። አሁንም አልፈለገችም። ጸሎቱ ይቅር፣ ሳጥኑ ይበቃል፤ ሳጥኑ ሲደርሳቸው ለመኖር እንደመጣን ይገባቸዋል አለች።

ሐሙስ ሙሉ ቀን ምድጃው ሥር ዋለች። ሩዝ፣ በኮኮናት የታሸ ጎመን፣ ኑድል፣ ግማሽ ግማሽ እንቁላል፣ አንዳንድ ብልት የተጠበሰ ዶሮ። ሃያ ስምንት ሳጥን። ልጆቹ በጋሪ እየገፉ ከበር በር አዳረሱት። «ከእማዬ ነው» ብቻ በሉ ተብለዋል፤ ያንኑ አሉ።

እዚህ ላይ ዊያቲ አሥር ዓመት የሰው አገር መኖሯ ታወቀባት። የመንደሩ ሳጥን ለሁሉም ነገር አንድ ነው። ልጅ ሲወለድ ያው ሳጥን፣ ሙት ዓመት ሲደርስ ያው ሳጥን፣ ሰው ሲመጣ ያው፣ ሰው ሲሄድም ያው። ምክንያቱን የሚናገረው ሊቀመንበሩ ነው። ምግብ ያመጣን ልጅ «የምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ መንደሩ ሳጥኑን ከፈተ፣ ዶሮውን አየ፣ አራት ወር የሰማውን አስታወሰና በአንድ አፍ «በቃ፣ ሄዱ» አለ።

በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ መጀመሪያ የመጡት ሊቀመንበሩ ፓክ ሳርዲ ናቸው። ተቀመጡ። ስለ ሙቀቱ አወሩ። ስለ ሙቀቱ ደግመው አወሩ። ከኋላቸው ሁለት ሴቶች የካሳቫ ጥብስ በፌስታል ይዘው ገቡ፤ ቀጥሎ የአግዳሚው ወንዶች፤ ቀጥሎ ቡ ሙርጂ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ትራስ የሚያህል የክሩፑክ ከረጢት ታቅፋ። ዊያቲ ሻይ እየቀዳች፣ አንድ ሳጥን ይህን ሁሉ ፍቅር ካመጣ ለምን አራት ወር ዘገየሁ እያለች ራሷን ትወቅሳለች። በመጨረሻ ፓክ ሳርዲ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ቢሮ ድረስ እንዳትንገላቱ ብዬ ነው። ማኅተሙም አለበት» አሏት።

ዊያቲ አነበበችው። ከመንደሩ የመልቀቂያ ደብዳቤ ነው። የአራቱም ስም ተጽፏል።

ቡ ሙርጂን ከነከረጢቷ ልታባርራት አፏን ከፍታ ነበር። ግን አንዷ ሴት ቀድማ ማውራት ጀመረች። ሚንዴ ድምፅ ማጉያውን ከሠራው ወዲህ አዛኑ እንደ ሰው ድምፅ እንደሚሰማ፣ ድሮ ግን ፍየል የታነቀች ይመስል እንደነበር ነገረቻት። ሌላዋ ባዩ የእሷን ልጅ የእንሽላሊቶቹን ስም ሊያስተምረው ገና እንደጀመረ አነሳች። እዚያ መንደር ሰው በፊትህ የሚያመሰግንህ ስትሄድና ስትሞት ብቻ ነው። ዊያቲ ይህን ታውቃለች። አፏን መልሳ ዘጋች፤ ትንሽ ልስማ ብላ።

ሚንዴ እጁ በግራሶ ተለውሶ ከጓሮ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ፊታቸውን ሲያይ በራሱ ቋንቋ ማን እንደሞተ ጠየቃት።

«እኛ» አለችው። «እንሄዳለን ብለው ሊሰናበቱን መጥተዋል።»

ሚንዴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት። «ደስ ብሏቸው ነው?»

ዊያቲ የፈለገችውን ልትለው ትችል ነበር፤ የሚያስተረጉምለት ሌላ አዋቂ የለውም። ቡ ሙርጂን አየቻት። በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን እየጠረገች ነው። «እያቸው እንጂ» አለችው፤ ከዚያ የሚሉትን ሳትጨምር ሳትቀንስ ታስተረጉምለት ገባች።

ከአግዳሚው ወንዶች አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ነገር ጠይቂልን እስቲ፤ ከሄደ በኋላ እንዳይከነክነን። አራት ወር ና ተቀመጥ ብለነው አንድ ቀን ያልተቀመጠው ኮርቶብን ነው፣ ወይስ አሁንም አጠረው? ጉልበቱ አገጩን እንዳይመታው ብለን እኮ አግዳሚውን በጡብ ከፍ አድርገንለታል። እሱ አልተቀመጠ፣ እኛ እግራችን መሬት አይነካ፤ እንደ ሕፃን ተንጠልጥለን ቀረን።»

ሰው ሳቀ። ዊያቲ ቃል በቃል አስተረጎመችለት። ሚንዴ ሲሰማ ግን አልሳቀም። ግራሶ የነካውን እጁን ሱሪው ላይ አብሶ ወደ መሬት አየ።

ያኔ የሁሉ አያት የሆኑት ምባህ ክሮሞ፣ ዘጠና ዓመታቸውን በከዘራ ደግፈው፣ በጋሪ ላይ የውሃ ፓምፓቸውን አስጭነው ደረሱ። ሰላምታም አላስቀደሙ።

«ይኼ ልጅ ከሄደ ፓምፔን ማን ይሠራልኛል?»

ዊያቲ ልታስተረጉም ዞረች። ሚንዴ ግን ፓምፕ የሚለውን ያውቃል፤ ማን የሚለውንም ያውቃል። በመንደሩ ቋንቋ፣ ካሉት አሥር ቃላት ሁለቱን መርጦ፣ «እኔ» አለ። «ነገ።»

ፓክ ሳርዲ ወረቀቱን ከዊያቲ እጅ ቀስ ብለው ወሰዱና አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱት።

«ሳጥኑ የመምጫ ነበር» አለች ዊያቲ።

«የመምጫ?» አለች ቡ ሙርጂ። «በአራት ወሩ?»

«ዘግይቼ ነው።»

«እንግዲያ ክሩፑኬን መልሺ፤ ለሄደ ሰው ነው ያመጣሁት።»

«እንባዎንም ጨምሬ ልመልስልዎት፣ ቡ ሙርጂ?»

ሳቁ እስከ ቧንቧው ተሰማ። ክሩፑኩ ግን አልተመለሰም፤ ኪናሲ ከረጢቱን ቀድማ ፈትታዋለች። ያን ቀን አመሻሹ ላይ ሚንዴ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ከስድስቱ ወንዶች እግሩ መሬት የነካው እሱ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ፓምፑን ሠራ። እሑድ ካርቶኖቹን ራሱ ፈታ፤ የክረምት ካፖርቱን በዚያ ሙቀት አውጥቶ ሲያየው ሳቁ መጣበት። ከዚያ ለባዩ እንሽላሊቶች ጎጆ አነጠፈው።

ዝናቡ የመጣው በዘጠነኛው ቀን ነው። ዊያቲ ባልዲዋን ቧንቧው ሥር ጥላ ወደ ቡ ሙርጂ በረንዳ ሮጠች። ቆርቆሮው ይጮኻል፤ ልጆቹ መንገዱ መሃል ጎርፍ እየረገጡ ይዘላሉ። ሚንዴ ከአግዳሚው ሥር ጡብ እያወጣ በስብሷል። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ቆመው አዩአቸው። ውሉ ጊዜው አልፏል፤ ስለዚህ መጠየቁ ከእንግዲህ ኩራትን አይነካም።

«ቡ ሙርጂ፣ ያን ወሬ ማን ነበር የነገረዎት?»

ቡ ሙርጂ በግርምት አየቻት።

«አታውቂም እንዴ? ኪናሲ ናታ። በመጣችሁ በሦስተኛው ቀን እንባዋን አቅርራ መጥታ፣ ዝናብ ሳይጥል እንሄዳለን አለችኝ። አንጀቴን በላችውና አንድ ክሩፑክ ሰጠኋት። በማግስቱም መጣች፤ ያንኑ ነገረችኝ፤ ያንኑ ሰጠኋት። አራት ወር ሙሉ በየቀኑ እየነገረችኝ እንዴት አላምን?» የቆርቆሮ ጣሳውን ክዳን ዝናብ እንዳይገባው ጫን አደረገችው። «አውሮፕላን ውስጥ ተኝታለች ብላችሁ ስታወሩ ነው አሉ የሰማችው።»