ሰዓቱማ ይሠራል

መልሱን የላከችው በአንድ እጇ የደንበኛ መነጽር እንደያዘች ነው።

«ሰዓቱማ ይሠራል። ያሰረውን ሰውዬ አስፈትሹት።»

ስልኳን ኪሷ ከተተችና የመነጽሩን ክንድ ሞቅ አድርጋ በቀስታ ወደ ውስጥ አጎበጠችው። ባለመነጽሩ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩዋታል።

«እስኪ አባቴ ያድርጉትና ወጣ ብለው መንገዱን ይዩበት።»

«እዚሁ ይታየኛል እኮ ልጄ። ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል በሙሉ ለቀምኩልሽ አይደል?»

«እሱማ የኔ ግድግዳ ነው። እርስዎ የሚሄዱት በመንገድ ነው። ወጣ ይበሉ።»

ሽማግሌው እየሳቁ ወጡ። በዚህ ነገር ድርድር አታውቅም፤ ደጅ ወጥቶ ያልተሞከረ መነጽር ከእጇ አይወጣም። ሽማግሌው ካፊያው ውስጥ ቆመው ወደ ላይም ወደ ታችም አዩ። ማዶ የተሰቀለውን ማስታወቂያ ጮክ ብለው አነበቡላትና ረክተው ሄዱ።

መነጽር ቤት ውስጥ ጸጥተኛ ሴት ናት። በአንድ የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ ላይ ግን መርፌ ትባላለች። ስሙን ያወጡላት አንባቢዎች ናቸው፤ እሷም አልጠላችውም። ድረ ገጹን የጀመሩት ከልጅነት ጓደኛዋ ጋር ነው፤ ፊዚክስ አስተማሪ ነው፣ መምህሩ ትለዋለች። የቴክኖሎጂ ዜና እናቶቻችንም በሚገባቸው ቋንቋ እንጻፍ ተባባሉ፤ ይኸው እየጻፉ ነው። የሚከፍላቸው የለም። ደሞዛችን ስድብ ነው ይላል መምህሩ፤ እሱም አይቋረጥ፣ እሱም አይዘገይ። አንዱ ፊደል ገደፋችሁ ብሎ ይቆጣል። አንዱ ተከፍሏችሁ ነው የምታሞግሱት ይላል። ምን ተከፍሎን!

ሥራቸው የተከፋፈለ ነው። መምህሩ ይጽፋል። ዕቃው ከተገኘ መርፌ ትሞክረውና ከዜናው ግርጌ «ሞክረነዋል» ብላ ትፈርማለች። ለነቃፊዎች መልስ የምትሰጠውም እሷ ናት፤ ድረ ገጹን ያስወደደውም፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ይኸው መልስ ነው። ዜናውን ዘለው መርፌ ዛሬ ማንን ወጋች ብለው የሚመጡ ሞልተዋል።

ዛሬ የተወጋው «ታዛቢ» የሚባል ሰው ነው። ጠዋት እንዲህ ብሎ ጽፎ ነበር፦ «ያ የጻፋችሁለት ሰዓት አይሠራም። ውሸታሞች።» በቃ፣ ይኸው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ለመርፌ ምሳዋ ነው።

ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት ትወዳለች። ደንበኛ ይሳሳል። ካፊያው መስኮቱ ላይ ይወርዳል፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ባዶ መነጽሮች ፊት እንደጠፋባቸው ሆነው ያዩዋታል። እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። ያኔ አንባቢዎቿ ይታዩዋታል፦ አውቶቡስ ውስጥ የቆመው፣ ጥበቃ ክፍሉ ውስጥ የተኮራመተው፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ስልኳን የደበቀችው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፈገግ ሲሉ። ደስ ይላታል። ያላየቻቸውን ሰዎች ማሳቅ በዚህ ዓለም ላይ ያላት አንድ ሀብት ይመስላታል።

ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። መልሷን ሰው ሁሉ ይቀባበለዋል። «አንጀቴን አራስሽው!» ይላል አንዱ። «ዛሬስ ገደልሽው!» ይላል ሌላው። እየሳቀች የተጻፈውን እያነበበች ወደ ታች ወረደች፤ ታዛቢ ጽፏል።

«ያሰረው አባቴ ነው። አስፈትሸነዋል፤ የመርሳት ሕመም ነው ብለውናል። ሰዓቱን የገዛንለት ስልኩን ረስቶ ቢወጣም ያለበትን ያሳያል ብላችሁ ስለጻፋችሁ ነው። ዛሬ ጠዋት ስልኩን ጥሎ ወጣ። ሰዓቱ ቤት ነው ያለው ይለናል። ቤት የለም። እስካሁን አላገኘነውም።»

ክው አለች። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ደግማ አነበበችው፤ ከዚያ መምህሩ ጋ ደወለች።

«አይቼዋለሁ» አላት ገና ሃሎ ሳትለው። «ግን እኮ ሞክረሽዋል!»

«እንዴት አልሞክረውም! አስሬው ያልዞርኩበት መንደር አለ? የትም ሄጄ እማዬ በስልኳ ስታየኝ ነበር። እስከ ገበያው ድረስ!»

«ስልክሽስ የት ነበር?»

መርፌ ዞር ብላ አየች። ቦርሳዋ መደርደሪያው ሥር ተቀምጧል፤ ስልኳም ደንበኛ ከሌለ እጇ ላይ፣ ደንበኛ ካለ ኪሷ፣ መንገድ ላይ ደግሞ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ከሷ ተለይቶ አያውቅም።

«ቦርሳዬ ውስጥ» አለች።

መምህሩ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «የኔም ጥፋት አለበት። አምራቾቹ እንደዚያ ያሉት የራሱ ሲም ካርድ ስላለው ስለ ውዱ ሰዓት ነው። ርካሹ ግን የሚያሳየው ስልኩ ያለበትን ነው፤ እኔ ለሁለቱም መስሎኝ ጻፍኩት። አንቺ ትሞክሪዋለሽ ብዬ ልቤን ጣልኩ።»

«እኔ ደግሞ አንተ አጣርተሃል ብዬ።»

«በይ አሁን መልስሽን አጥፊው። ዜናውን እኔ ቀስ ብዬ አርመዋለሁ። ማንም ልብ አይለውም።»

ልታጠፋው ጣቷን አስጠጋች። መልሳ ሰበሰበችው። ሰው አሁንም ይስቃል፤ ያልታወቀ ሰው ካልታወቀ ሰው እየተቀበለ ይስቃል።

«ባጠፋው ከኔ ዘንድ ይጠፋል እንጂ ከሰው አይጠፋም» አለችው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቆይ… የተቀባበሉትን የከፈተ ሁሉ እኔው መልስ ጋ አይደል የሚመጣው?»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ቀልዴ የደረሰበት ሁሉ ሰውየውም ይድረሱ።»

«አብደሻል? መሳቂያ እኮ ነው የምንሆነው!»

«እንሁና! እስካሁን የሳቅነው አይበቃም?»

ለታዛቢ በውስጥ መስመር የአባቱን ፎቶ ላክልኝ ብላ ጻፈች። «ለምን? ልትስቁበት?» አላት። «ልንፈልጋቸው ነው። ጥፋቱ የኔ ነው» አለችው። ከዚያ ፎቶው መጣ፦ ግራጫ ኮት የለበሱ፣ ጸጉራቸው በሥርዓት የተበጠረ ሰው፣ አዲስ ሰዓታቸውን ወደ ካሜራው ከፍ አድርገው ይስቃሉ። ደስ ብሏቸዋል። መርፌ አለቀሰች።

ፎቶውን ከራሷ መልስ በታች ለጠፈችና ጻፈች፦

«ከላይ ያለውን ቀልድ የቀለድኩት በእኚህ አባት ነው። ሰዓቱ አልሠራም። ሞከርኩት ያልኩት እኔ ነኝ፤ በደንብ አልሞከርኩትም። ጠዋት ከቤት እንደወጡ አልተመለሱም። ያያቸው በዚህ ቁጥር ለልጃቸው ይደውል። የሳቃችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ እንደ ቀልዱ ተቀባበሉልኝ።»

ሱቁን ዘግታ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። ካፊያው አላባራም። ግራጫ ኮት የለበሰ ሁሉ ልቧን ያዘልለዋል፤ ቀድማ ዞራ ታያለች፤ ሌላ ሰው ነው። በዚያ ልጅ ስልክ ውስጥ አባትየው አሁንም ቤት ናቸው፤ የለመዱት ወንበር ላይ ደረቅ ብለው፣ ሞቅ ብሏቸው የተቀመጡ መሰላት። እዚህ ደግሞ እውነተኛው ሰውዬ ያልታወቀ መንገድ ላይ ይረጥባሉ። ሁለቱን አንድ ቦታ ልታገናኛቸው ፈለገች። መንገዱ ዳር ያሉት መብራቶች ኩሬው ውስጥ እየሟሙ ከሥሯ ያልፋሉ፤ የምትራመድ አልመሰላትም።

እናቷ በሩን ከፍተው አዩዋት። «ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

እርጥብ ልብሷን ሳታወልቅ ነገረቻቸው። እናቷ እስኪያልቅ ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያ ምላስሽ አንድ ቀን ጉድ ያደርግሻል ብዬሽ ነበር። ሰውን በሩቁ ማሳቅ ደግ ነው፤ በሩቁ መስደብ ግን የማንን አባት እንደሚያገኝ በምን ይታወቃል? ነይ፣ ሻሽሽን ፍቺ፤ ጸጉርሽ ርሷል።»

ጸጉሯን እያደረቁላት ሳለ ስልኩ ጮኸ። ታዛቢ ነው።

«አባቴ ተገኝቷል።»

ሌላ ቃል የለም። ምስጋናም ስድብም የለም። ከሥሩ አንድ የአውቶቡስ ረዳት ጽፏል፦ «በቀልዱ ከሳቁት አንዱ ነኝ። መጨረሻ ፌርማታ መጠለያው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አባባ ወዴት ነዎት ብላቸው፣ ቤቴ ነኝ አሉኝ።»

እናትና ልጅ ተያዩ። መርፌ እናቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች።

መምህሩ ደወለ። ድምፁ ይዘላል። «ተገኙ እኮ! ተመስገን ነው! አሁን እንኳ አጥፊው፤ ሥራውን ጨርሷል።»

«ይቀመጥ።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ እንጃ። ደግሞ ቀልድ ሲመጣልኝ ቀድሜ እሱን ላንብበው።»

«አይ አንቺ! በይ ዜናው ላይ እርማቱን ከላይ አስቀምጫለሁ፤ በትልቁ ነው፣ ቀስ ብዬ አይደለም። ከታች ያለውን ፊርማ ግን አልነካሁትም። የራስሽ ነው።»

ወደ ዜናው ገባች። ግርጌው ላይ «ሞክረነዋል» ይላል። አጠፋችው። በምትኩ የሚጻፈው ቃል ሁለት ጊዜ መጣላት፤ ሁለቱም ብልጥ ብልጥ አላት፤ ሁለቱንም ተወቻቸው። ያን ጊዜ የሞከረችውን ሰዓት ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ አሰረች።

«እማዬ፣ ይቺን ስልክ ያዢልኝ። ምንም አትንኪ። ካርታው ላይ ያለችውን ነጥብ ብቻ እያት፤ ነጥቧ እኔ ነኝ።»

«በዚህ ዝናብ የት ልትሄጂ ነው? ስልክሽን ጥለሽ?»

«ጥዬው ነው እንጂ። ወጣ ብዬ ልየው።»

ደረጃውን ወረደች። ከሰዓት የነበረው እንቅልፍ የመሰለ ብርሃን መንገዱ ላይ ጥቂት ቀርቷል። ኪሷ ባዶ ነው፤ እጇ በየደቂቃው ይገባና ምንም ሳይዝ ይወጣል። ማንም ሰው በዚህች ሰዓት የት እንዳለች አያውቅም። ፈራች። የታዛቢ አባትም እንዲህ ሆነው ይሆን፣ ወይስ በእሳቸው ዓይን መንገዱ ሁሉ ቤት ነበር?

ከኋላዋ መስኮት ተከፈተ።

«አንቺ! ኧረ አንቺ ልጅ! ቤት ነሽ ይለኛል እኮ!»

ዞረች። እናቷ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለው አንዴ ስልኩን አንዴ እሷን ያያሉ። አፏን ከፈተች፤ መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረ። ሰዓት ያሰረ እጇን ብቻ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸውና ወደ መጨረሻው ፌርማታ የሚወስደውን መንገድ ያዘች።