ዜሮ ነጥብ ስምንት

ሰላሳ አራት ሥራዎች ኮምፒውተሩ ውስጥ ተሰልፈዋል፤ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አንዱም አልተነካም። የሆስፒታሉ ሠራተኞች «ዶክተር ገመድ» እያሉ የሚቀልዱበት የኮምፒውተር ባለሙያ ሰልፉን ያየው ገና ዛሬ ነው።

ትእዛዙን የሰጠው ራሱ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ የላቦራቶሪ ውጤቶችን መርምሮ በአስቸኳይ የሚጠሩ ሕሙማንን ዝርዝር የሚያወጣው ሥራ ሌላውን እንዳያጓትት፣ የማሽኑ ጭነት፣ ማለትም በአማካይ ስንት ፕሮሰሰር ሥራ ላይ እንዳለ የሚያሳየው ቁጥር፣ ከዜሮ ነጥብ ስምንት በታች ሲወርድ ብቻ እንዲጀምር አዞ ነበር። አሮጌው ማሽን አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ስለነበረው ቁጥሩ ልክ ነበር። አዲሱ ግን ስምንት አለው፤ ስድስቱ እጃቸውን አጣጥፈው ቢቀመጡም፣ ሁለቱ እስከሠሩ ድረስ ጭነቱ ሁለት ነው። ስለዚህ ያ ሥራ ተራ አግኝቶ አያውቅም። ባለሙያው ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ማሽኑን ሲቀይር ለምሳ ቸኩሎ የድሮውን ቁጥር እንዳለ ገልብጦት ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ይበልጥ ያንገበገበው ሌላ ነው። የዛሬ ሳምንት የካርድ ክፍሏ እትዬ መጥተው «ዝርዝሩ እኮ መምጣት አቆመ» ብለውት ነበር።

«ሰው ካልታመመ ምን ይምጣ? ደስ ይበልዎት እንጂ!» ብሎ አስቋቸው ነበር።

ቁጥሩን ሰባት ተኩል አደረገው። ማተሚያው ወዲያው መንጫጫት ጀመረ።

እትዬ ድምፁን ሰምተው ገቡ። እህታቸውን ከቀበሩ አራተኛ ቀናቸው ነው፤ ቀብሩ ላይ እሱም ነበር። ወረቀቱን አንስተው በጣታቸው እየተከተሉ ወደ ታች አነበቡ። ጣታቸው አምስተኛው መስመር ላይ ቆመ።

«የእህቴ ካርድ ነው» አሉ። «በአስቸኳይ ትጠራ ይላል። ውጤቱ ከወጣ ዘጠኝ ቀኑ።»

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ቁጥሩን እኔ ነኝ...»

«ቆይ።» ቀና ብለው አላዩትም። «ሌሎቹ ስንት ናቸው?»

«ሃያ ሁለት።»

ወንበር ስበው ተቀመጡና ስልኩን ወደ ራሳቸው አስጠጉ። «አንብብልኝ። እኔ ዐይኔ አላይ ብሎኛል።»

የመጀመሪያውን ስልክ ቁጥር አነበበላቸው። ሁለት ጊዜ አንድ አኃዝ ዘለለ፤ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው አስጀመሩት። ስልኩ ረጅም ጊዜ ጠራ። ሊዘጉት ሲሉ አንድ ሰው አነሳው።

«ከሆስፒታል ነው» አሉ እትዬ። የታማሚዋን ስም ጠሩና «ቤት ናቸው?» ብለው ጠየቁ።

«አልሰማሁም፣ ማን?» አለ ያነሳው ሰው። ከኋላው የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማል። የሚስቁ ይሁኑ የሚያለቅሱ መለየት አቅቷቸው፣ እትዬ በሌላ እጃቸው አንድ ጆሯቸውን ደፈኑ።