ለአንድ ሰው የተዘረጋ መስመር

መነን በአራስነቷ ወራት እንደ አባቷ ልቧን ያወለቃት ሰው አልነበረም፤ ሌሊቱን ሙሉ የምታለቅሰው ልጇ ርብቃ እንኳ አልደረሰችባቸውም። ዘመኑ በፈረንጅ 2016፣ ወሩ ኦክቶበር ነበር። አዲስ አበባ ላይ ማኅበራዊ ሚዲያው በመዘጋቱ አቶ ገብረሥላሴ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን በቪዲዮ ማየት አልቻሉም። የቀራቸው ተራ ስልክ ብቻ ነው። እሱም ለንትርክ አልበቃ አላለም።

«አባባ፣ ዘዴ አለው እኮ እያልኩዎት ነው!» አለቻቸው፣ ባሕር ማዶ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው አፓርታማዋ ሳሎን ውስጥ ሕፃኗን በአንድ እጇ ታቅፋ። «ቪፒኤን የሚባለውን ኮምፒውተሩ ላይ ዳውንሎድ ያድርጉት። የተዘጋው ይከፈትልዎታል። አገሩ ሁሉ እየተጠቀመበት ነው።»

«የማን ነው?»

«ምኑ?»

«መስመሩ ነዋ! ባለቤቱ ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? በነጻ ነው የሚሰጡት።»

«ነጻ መስመር የሚባል ነገር የለም» አሉ አቶ ገብረሥላሴ።

ሠላሳ አራት ዓመት በስልክ ቴክኒሻንነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስለ መስመር ከተነሣ አይመለሱም። «ድሮ ባንኩ ከቅርንጫፉ ጋር በምስጢር መነጋገር ሲፈልግ ለብቻው ሽቦ ይከራይ ነበር። ዋጋው እሳት ነው። ኋላ ኢንተርኔት ሲመጣ፣ ፈረንጆቹ ‹ለምን ሽቦ እንከራያለን? በሕዝቡ መንገድ እንሂድ፣ ግን ተሸፋፍነን› አሉ። ቪፒኤንሽ ይኸው ነው። ለመሥሪያ ቤት ብለው የሠሩት ነው፤ ዛሬ ሁሉም ሰው ይሸፋፈንበታል። ግን ሸፋኙ የተሸፈነውን ያየዋል። እኔ ማዞሪያ ላይ የተቀመጥሁ ሰው ነኝ፣ አትንገሪኝ።»

«ይህን ሁሉ እያወቁ ነው ሳምንት ሙሉ ‹ምንድን ነው እሱ› እያሉ የሚያደርቁኝ?»

«አንቺ ማወቅሽን ልይ ብዬ ነው።»

መነን ስልኩን ዘግታ እዚያው አቅራቢያዋ አሌክሳንድሪያ ለሚኖረው ወንድሟ ለዋለልኝ ደወለች። ዋለልኝ የኔትወርክ ባለሙያ ነው፤ ቤቱ ሆኖ ሲሠራ ራሱም የመሥሪያ ቤቱን ቪፒኤን ይጠቀማል። እንዲመክርላት ነበር የፈለገችው። እሱ ግን ሳቀ።

«እውነታቸውን ነው። አንዳንዱ ነጻ ቪፒኤን ያየውን ነው የሚሸጠው።»

«ዋለልኝ! እንድታግዘኝ ነው የደወልኩት፣ እንድታግዛቸው አይደለም!»

«እሺ፣ እሺ። እኔ ቤት አሮጌ ኮምፒውተር አለ። የራሳችንን መስመር እሠራለሁ፤ አባባ በእኔ በኩል ይወጣሉ።»

ቅዳሜን ሙሉ ሲሠራ ዋለና የይለፍ ቃሉን ላከላት። እሱን በስልክ ማንበብ የመነን ዕጣ ሆነ።

«ትልቁ ኬ» አለች።

«ትልቁ ኬ፣ ተቀብያለሁ።»

«ሰባት። ትንሹ ኤም። ኮከብ።»

«ምን ዓይነት ኮከብ?»

«ስምንት ቁጥር ላይ ያለችውን፣ አባባ!»

«ስምንት ብለሽ አላስጻፍሽኝም እኮ። ከመጀመሪያው እንጀምር።»

አራት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመሩ። በአራተኛው ርብቃ እሪ ስትል መነንም አብራት ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። ድንገት መስመሩ ተከፈተና የአባቷ ፊት በስልኳ ላይ ብቅ አለ፤ ግንባራቸውና መነጽራቸው ብቻ። ሕፃኗን አስጠጋችላቸው። አቶ ገብረሥላሴ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ጆሮዋ የእናትሽ ነው» አሉ በመጨረሻ።

መነን ለአንድ ሳምንት ያህል አረፈች። ከዚያ ዋለልኝ ደወለ፤ አሁን የሚጮኸው እሱ ነበር። «ሚቲንግ ላይ ሆኜ ኢንተርኔቴ ቆመ! ገብቼ ባይ በእኔ መስመር አሥራ አንድ ሰው አለ! አሥራ አንድ!»

መነን ወዲያው አዲስ አበባ ደወለች።

«ለወርቅውሃ ሰጥቻታለሁ» አሉ አቶ ገብረሥላሴ፣ ያለ አንዳች ሐፍረት። ወይዘሮ ወርቅውሃ ጎረቤታቸው ናቸው፤ ልጃቸውም እዚያው እነመነን አገር፣ አናንዴል ነው የሚኖረው። «ካየችው ሦስት ሳምንት ሆኗታል። መስመሩ በደጇ እያለፈ አትንኪ ልበላት? እሷ ደግሞ ለእህቷ ነገረች። እህቷም...»

«አባባ፣ ለአንድ ሰው ነው ያልነው! ‹ባለቤቱ ማን ነው› እያሉ ያስለመኑን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«አሁንማ ባለቤቱን አውቀዋለሁ። ልጄ ነው።»

መነን ይህንኑ ለወንድሟ ደውላ ነገረችው። ዋለልኝም ቢሆን የሰው እናት ከልጇ ሊቆርጥ አልቻለም። በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው በላይ እንዳይገባ አደረገና የቀረውን ለአባቱ ተወው። አባቱም ካሬ ወረቀት አስምረው፣ ሰዓት ከፋፍለው፣ ለሰፈሩ ወረፋ አወጡ።

ረቡዕ ጠዋት ርብቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። መነን በደስታ እየሮጠች ደወለች፤ በቪዲዮ አይነሣም። በተራ ስልክ ስትሞክር አነሡ።

«አባባ፣ ሳቀች! ቶሎ ይግቡ!»

«አሁን የወርቅውሃ ሰዓት ነው። የእኛ ማክሰኞና አርብ ነው።»

«ልጅቷን የወለድኳት እኔ ነኝ እኮ! መስመሩ የወንድሜ ነው!»

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። ግን ወረፋ ወረፋ ነው። እስቲ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጊልኝ።»

«ኤጭ!» አለች መነን። ስልኩን ግን ወደ ርብቃ አፍ አስጠጋችው።