የትከሻ ልክ

«እንዳትለቂው!» አሉ ባለሱቁ፤ እሷ ግን ለቃው ነበር።

የካሜራ መደገፊያው ዘንግ ለአንድ አፍታ ቀጥ ብሎ የሚቆም መሰለ። ከዚያ ተንገዳገደና የመስታወቱን መደርደሪያ ጠርዝ ገጭቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ደግነቱ ካሜራ አልታሰረበትም። ባለሱቁ ዕድሜያቸውን ሙሉ የካሜራ ዕቃ ሲሸጡና ሲጠግኑ የኖሩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሽማግሌ ናቸው። ጎንበስ ብለው አነሡትና ጫፉን በእጅጌያቸው ጠረጉት።

«ይሄ እንደ ባለ ሦስት እግሩ አይደለም፣ እህት ዓለም። ያለው አንድ እግር ነው። ሁለቱ ያንቺ ናቸው። ከለቀቅሽው ይወድቃል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለምዶብኝ ነው።»

ምን እንደለመደባት አልጠየቋትም። የለመደችው ራሱን ችሎ የሚቆም ነገር ነው። ፎቶ አንሺዋ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከባዱን ሌንሷን ስታሳርፍ የኖረችው በባሏ ግራ ትከሻ ላይ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነው። የምትሠራበት ጋዜጣ ረጅሙን ሌንስ የሰጣት ጊዜ ክብደቱ የሦስት ወር ሕፃን ያህል ሆነባት። በሩጫ ሜዳ ላይ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ መዘርጋት ክልክል ነው፣ ሰው ያደናቅፋል። ሞኖፖድ የሚሉት ይህ ባለ አንድ እግር ዘንግ ደግሞ ያኔ እንደልብ አይገኝም ነበር። ባሏ ሰዓት ሠሪ ነው። ከፀጉር ብዙም የማይወፍር ብሎን ሲያስር ትንፋሹን ይዞ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ ጣቱ ቅንጣት ሳይንቀጠቀጥ የሚቆይ ሰው። አንድ ቅዳሜ ሥራዋን ሊያይ ሜዳ ድረስ መጣና ስትንገዳገድ ቢያያት «አምጪው እስቲ» ብሎ ከፊቷ ቆመላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ረዳት» የሚል መታወቂያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ውድድር ባለ ቁጥር ከፊቷ ቆመ።

ሜዳ ላይ ሁለት ቃል ነበራቸው፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የእሷ። እሷ ዓይኗ አያርፍም። ሯጮቹ እስኪደርሱ በሌንሱ ተመልካቹን ስትቃኝ፣ የሚያዛጋውን ስትይዝ፣ የሚጣላውን ስትይዝ፣ ፎከሱን፣ ሌንሱ አጥርቶ የሚያሳይበትን ርቀት፣ እዚያው ሰው ላይ ረስታው ትቀራለች። ስለዚህ ሯጮቹ የመጨረሻውን ኩርባ ሲታጠፉ እሱ «መስመሩ» ይላታል፤ ፎከስሽን ወደ ማለቂያው መስመር መልሺ ማለቱ ነው። ትመልሳለች። ከዚያ እሷ «ያዝ» ትላለች፤ እሱም ትንፋሹን ይይዛል። ጣቷን እስክታነሣ ድረስ አይተነፍስም።

ባልደረቦቿ «መቆሚያው» የሚል ስም አወጡለት። አብሯቸው ይስቅ ነበር። ወይም የሚስቅ መስሏት ነበር፤ ከኋላው ስለምትቆም ፊቱን አይታ አታውቅም።

ከአራት ወር በፊት፣ አንድ ማታ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ከደረደረቻቸው ፎቶዎች ፊት ቆሞ አገኘችው።

«እዚህ ሁሉ ፎቶ ውስጥ እኔ የት ነኝ?» አላት።

«አንተማ ከሥሩ ነህ። ያላንተ አንዱም አይኖርም።»

«እሱን አላልኩሽም። አሥራ ሰባት ዓመት ከኋላዬ ነሽ። አንድ ቀን እንኳ ዞር በል፣ ፊትህን ላንሣህ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

ሳቀች። ያጠፋችው እዚህ ላይ ነው። «አንተ ደግሞ ዛሬ ምን ነክቶሃል» ብላው ወደ ጓዳ ገባች። በሳምንቱ ልብሱንና የሰዓት መሣሪያዎቹን በሁለት ሻንጣ ይዞ ሲወጣ ነው ፎቶውን ፍለጋ ቤቱን የገለበጠችው። ሌላ ሰው ካነሣው የሠርጋቸው ፎቶ በቀር የእሱ አንድም ምስል የለም። ኑሮዋን በሙሉ የማታውቃቸውን ሰዎች ፊት ስትለቅም የባሏን ረስታዋለች። የዚያን ለታ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እንደ ልጅ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ውድድር ነበር፣ ሦስቱንም የተንቀጠቀጠ ፎቶ ይዛ ተመለሰች። ዋና አዘጋጁ መጀመሪያ ቀለደ፣ ሁለተኛ ዝም አለ፣ ትናንት ግን ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋ። «ነገ ፍጻሜ ነው» አላት። «ጥርት ያለ ነገር ካላመጣሽ ሌንሱን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። አንቺ እዚሁ ተቀምጠሽ የሌሎችን ፎቶ ትመርጫለሽ።» ያ ሁሉ ዝናዋ በአንድ ሰዓት ሠሪ ትከሻ ላይ የቆመ መሆኑን አዘጋጁ አያውቅም፤ እሷም አልነገረችውም። ማታ ደግሞ የባሏ እህት ደወለች። ፎቶ አንሺዋ የፍቺውን ወረቀት ባለፈው ሳምንት ፈርማለች፤ ይህ ግን አዲስ ነበር። «ነገ ማታ ውጭ አገር ወንድማችን ጋ ጠቅልሎ ይሄዳል። ከሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው፣ እህቴ።»

እንግዲህ በዚህ ሆድ ነው ዛሬ በጠዋት ሞኖፖድ ልትገዛ የመጣችው።

ባለሱቁ ሁለት ዘንግ ደርድረውላታል። «ይሄኛው ካርቦን ነው፣ ላባ ነው። ታጥፎ ቦርሳ ይገባል። ግን አምስት ቦታ ላይ ይቀጠላል፣ የመጨረሻው ክፍል እንደ ጣት ቀጭን ነው። ላንቺ ሌንስ ይወዛወዛል። ይሄኛው አሉሚኒየም ነው፤ ይከብዳል፣ ያስጠላል፣ ግን ሦስት ቦታ ብቻ ነው የሚቀጠለው። መቆለፊያውን እይው፣ ሲዘጋ ቀጭ ይላል። በጨለማም በጓንትም ታውቂዋለሽ። እስቲ ዘርግተሽ ተጫኚው፤ ሞኖፖድ የሚመረጠው በዓይን አይደለም።»

በሁለት እጇ ጨብጣ ተጫነችው። ከዚያ ደረቷን አስደግፋ፣ ክብደቷን ሙሉ ጣለችበት። ንቅንቅ አላለም። አራት ወር ሙሉ ምንም ነገር ላይ ተደግፋ አታውቅም፤ ቶሎ ቀና አለች።

«ቁመቱን በዓይንሽ ልክ እናድርገው» አሉ ባለሱቁ መቆለፊያውን እየፈቱ።

«አይ፣ ልኩን አውቀዋለሁ። አንድ ሜትር ከአርባ ስምንት። ጫማ ሲያደርግ ሃምሳ።»

«ማነው ጫማ የሚያደርገው?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አዩዋት፤ ቀጥሎ መነጽሩን መልሰው ሰቀሉና ዘንጉን አንድ ሜትር ከሃምሳ ላይ ቆለፉት።

«በይ ቁሚ። እግርሽን ከፈት አድርጊ። ዘንጉን ወደፊት ሰደድ አድርጊ፣ አንቺ ወደ እሱ ዘንበል በይ። ክርንሽን ሰብስቢ። ጎበዝ። ስታነሺ ትንፋሽሽን ያዢ።»

«እኔ ነኝ የምይዘው?»

«ታዲያ ዘንጉ ይያዝልሽ?»

ሁለቱም ሳቁ። እሷ ቀድማ አቆመች።

ወደ ሜዳው በሚወስደው ታክሲ ውስጥ ስልኳን ሁለት ጊዜ አወጣች። ብትደውልለት ይመጣል፤ ይህን እንደ ስሟ ታውቀዋለች። ሻንጣውን አስቀምጦ፣ ያንን ግራጫ ጃኬቱን ደርቦ፣ አንዲት ቃል ሳይናገር ከፊቷ ይቆምላታል። ግን ምን ብላ? ትከሻህን አውሰኝ ብላ? ሊሄድ በተነሣበት ቀን እንኳ የፈለገችው ትከሻውን ነው ማለት ነው። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ጣለችውና ዘንጉን በጉልበቶቿ መሃል አጥብቃ ያዘች።

ከሰዓት በኋላ በለመደችው ቦታ ቆመች፤ ከመሮጫው ውስጠኛ ጠርዝ፣ ከማለቂያው መስመር ትይዩ። ከመስመሩ ወዲያ ማዶ የተመልካቹ መቀመጫ ረድፍ በረድፍ ወደ ላይ ይወጣል። ከጎኗ ካሉት ፎቶ አንሺዎች አንዱ ዘንጉን አየና «ዛሬስ መቆሚያው ከሳብሽ» አላት። ሌላው በክርኑ ጎሸመው። ፈገግ አለችላቸው፤ ምን ታድርግ።

ሌንሱን ዘንጉ ላይ አሰረች። እግሯን ከፈተች፣ ዘንበል አለች፣ ፎከሱን መስመሩ ላይ አድርጋ ለሙከራ አንድ አነሣች። ስክሪኑ ላይ አስፍታ ስታየው የነጩ ቀለም ስንጥቅ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከአራት ወር በኋላ የመጀመሪያው ጥርት ያለ ፎቶዋ፣ የባዶ መስመር ፎቶ። ይሁን፤ ልቧ ትንሽ ቀለል አላት። ሽማግሌው ልክ ነበሩ፣ ዘንጉም ሥራውን ያውቃል።

የሴቶቹ አምስት ሺህ ሜትር ተጀመረ። ሯጮቹ እየዞሩ፣ እየዞሩ፣ እሷም እንደ ልማዷ በሌንሱ ሕዝቡን መቃኘት ጀመረች። አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች። ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ጋዜጣ ከፀሐይ ተጠልለዋል። ከነሱ ከፍ ብሎ፣ ስድስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከመስመሩ ልክ ጀርባ፣ ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰው። የጃኬቱ ግራ ትከሻ ከሌላው ይልቅ ነጣ ብሏል፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ሌንስ ፍቆታል።

ጣቷ ሳታዝዘው የፎከሱን ቁልፍ ተጫነ። ባሏ ከብዥታው ውስጥ ወጥቶ ጥርት አለ።

ከስቷል። ጢሙን አልተላጨም። ከዚህ ሁሉ መቀመጫ እዚያ የተቀመጠው የት እንደምትቆም ስለሚያውቅ ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚያየውም እሷን ነው። እጇን ልታነሣለት አሰበች፤ ግን ሌንሱን ብትለቅ ይወድቃል። እሱም እጁን አላነሣም። እንዲሁ ተያዩ፤ እሱ በዓይኑ፣ እሷ በመስታወቱ። ምን ልትለው እንደምትፈልግ ገና ስትፈልግ የመጨረሻው ዙር ደወል ተደወለ።

ሕዝቡ ጮኸ። ሯጮቹ ኩርባውን ታጠፉ። ሌንሱን ዝቅ አድርጋ ወደ መስመሩ መለሰችው፤ ትከሻዋን ሰበሰበች፣ ወደ ዘንጉ ዘንበል አለች። «መስመሩ» የሚላት አልነበረም።

«ያዝ» አለች ጮክ ብላ፤ ለዘንጉ።

ትንፋሿን ዋጠችና ተጫነች። ካሜራው አከታትሎ አሥራ አራት ፎቶ አነሣ። ምንም አልተንቀጠቀጠም።

ጩኸቱ ሳይበርድ ስክሪኑን አየች። አሸናፊዋ እጆቿን ዘርግታ መስመሩን ስትረግጥ ይታያል፤ ግን ፊት የላትም። ውሃ ውስጥ እንደፈሰሰ ቀይ ቀለም ደብዝዛለች። ጀማሪ እንኳ የማይሠራው ስህተት፤ ፎከሱን ከመቀመጫው ላይ አልመለሰችውም። በአሥራ አራቱም ላይ እንደዚያው ነው። ነገ ሌንሱ የሌላ ሰው ይሆናል።

ከዚያ ነው ከደበዘዘችው ሯጭ ክንድ በላይ ያለውን ያየችው። አሰፋችው።

ባሏ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ሰዉ ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲጮኽ እሱ ብቻ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ ትንፋሹን ይዟል። ግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ብሎ ጠፍጠፍ ብሏል። አንገቱን ወደ ቀኝ አዘንብሏል፤ እዚያ ለሌለው ሌንስ ቦታ ለቆለታል። ከዚያ ርቀት ድምጿን ሊሰማ አይችልም፤ ጊዜውን ግን ያውቀዋል። አሥራ ሰባት ዓመት ከኋላው ቆማ ይህን ፊት አንድ ቀን አላየችውም። እንዲህ ያለ ፊት ነበር ለካ። እንባዋ ስክሪኑ ላይ ተንጠባጠበ፤ በመዳፏ ጠረገችው።

ቀና ስትል ተመልካቹ በሙሉ ቆሟል። ሌንሱን አንሥታ ስድስተኛውን ረድፍ ፈለገች። ከመስመሩ ጀርባ ያለው መቀመጫ ባዶ ነው።

ስልኳ ጮኸ። ዋና አዘጋጁ ነበር።

«ወጣልሽ?»

«ወጥቷል።»

«ጥርት ብሎ?»

«ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ይቆጠራል።»

«እሰይ! በይ ቶሎ ላኪው፣ ገጹ አንቺን እየጠበቀ ነው።»

ስልኩን ዘጋችው። በአንድ እጇ ዘንጉን እንደያዘች፣ በሌላው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ወደፊት ገፋቻቸው፤ ባሏ የሚተነፍስበትን ፈልጋ። አሥረኛው ላይ ይዟል። አሥራ ሁለተኛው ላይ ይዟል። አሥራ አራተኛው የመጨረሻው ነው፤ እሷ ጣቷን እዚያ ላይ አንሥታለች፣ እሱ ግን ገና አልተነፈሰም።