ወደ ግራ የተጠመዘዘ ሽቦ

«ፍሬኑን ልቀቂው፤ ልቀቂው አልኩሽ!» አሉ ጋሽ ውዱ። በክሪክ የተነሳውን የፊት ጎማ ከላይና ከታች ይዘው ወዘወዙት። ንቅንቅ አላለም። ግራና ቀኝ ይዘውም ሞከሩት፤ ምንም።

«ኩሽኔታውም የመሪውም ነገር ደህና ነው። እስቲ ንገሪኝ ልጄ፣ መቼ ነው የምትንኳኳው?»

«ጉድጓድ ስገባ ቋ ትላለች። ፍሬን ስይዝ ደግሞ ወደ ግራ ትስብብኛለች። እንደኔው ቁልቁለት ትፈራ መሰለኝ» አለች እሌኒ ከትንሿ መኪና እየወረደች። የደባርቅ ልጅ ናት፤ አዋላጅ ነርስ። አዲ አርቃይ ተመድባ፣ ነገ እናቷን ይዛ የሊማሊሞን ቁልቁለት ልትወርድ ነው።

ጋሽ ውዱ ሳቁ። መኪናዋን በግንድ አስደግፈው፣ ከረጢት አንጥፈው ከሥሯ ገቡ። ጎማውን የሚሸከመውን የብረት ክንድ በዘንግ ሲፈነቅሉት አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ሸሸ። መብራት ሲያስጠጉ ሳቃቸው ጠፋ። ክንዱን አጥብቆ በሚይዘው ጎሚኒ ቦታ ከከባድ መኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ተወትፎ በሽቦ ታስሯል። ሽቦው የተጠመዘዘው ወደ ግራ ነው።

ደባርቅ ውስጥ ግራኝ መካኒክ አንድ ብቻ ነው።

መንገድ ተዘግቶ ዕቃ የጠፋ ጊዜ፣ ለልጃቸው ለሊድያ ባል ለቻላቸው ራሳቸው ያሰሩለት ነው። «ጎንደር እስክትደርስ ነው፤ እዚያ ቀይረው» ብለውት ነበር። ቀየርኩ ብሎ ማለላቸው። ባለፈው ወር መኪናዋን ለእሌኒ ሲሸጥ ደግሞ ሊድያ ከዳባት ደወለች። «አባዬ፣ ገዥዋ ትደውልልዎታለች፤ ደህና ናት በሏት።» እሳቸውም፣ የልጅ ነገር ሆኖባቸው፣ እሌኒ ስትደውል ሳያዩ «ደህና ናት» አሏት።

«ጋሽ ውዱ፣ ምን አገኙ?»

«ጎንበስ ብለሽ እዪ።»

አየች። «ይሄ ምንድን ነው? በረባሶ ጫማ ነው እንዴ የሰፉላት?»

«የጎማ ቁራጭ ነው። ተበልቶ አልቋል። ሊማሊሞ ላይ ፍሬን ስትይዢ ቢወጣ ጎማዋ ይታጠፋል። ከዚያ በታች የሚይዝሽ የለም።»

እሌኒ ከተጎነበሰችበት ቀና አለች። «እናቴን ጭኜ እኮ ልወርድ ነበር! ማን ነው ይህን የሠራው? እጁ ይቆረጥ!» ወደ እሳቸው ዞረች። «እርስዎን አምኜ ነው የገዛኋት። ደህና ናት አላሉኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

«አይተዋት ነበር?»

ሳይመልሱ ስልካቸው ጠራ። ቻላቸው ነው።

«አባባ፣ ልጅቷ እርስዎ ጋ መጣች አሉኝ። እንደምንም አጥብቀው ይሸኙልኝ እንጂ። ነገር ከተነሳ ሊድያ ደጅዎን አትረግጥም፤ ያውቋታል።»

ከኋላው የሊድያ ድምፅ ይሰማል። «እንዳይዘጉት፣ ንገራቸው» ትላለች።

ጋሽ ውዱ ስልኩን ዘጉት። ከአሮጌው ሽቦ ላይ ቋጠሮውን ቆርጠው ከመኪናዋ ሥር ይዘው ወጡ። ከመሣሪያ ሣጥናቸው አዲስ ሽቦ መዝዘው እፊቷ ጠመዘዙት፤ በግራ እጃቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን መዳፏ ላይ አኖሩላት።

እሌኒ ሽቦዎቹን አየች። ቀጥላ እጃቸውን አየች።

«የረገምሽው እጅ ይኸውልሽ» አሉ። «አፌም ከእጄ አይሻልም። ሳላይ ነው ደህና ናት ያልኩሽ።»

ጋሽ ውዱ ይቅርታ አልጠየቁም፤ ማንም እንዳይነዳት የፊት ጎማዋን ፈትተው ጋራዡ ውስጥ አስገቡና ቆለፉበት።

«ያዢያቸው፤ ለቻላቸው ታሳዪዋለሽ» አሉ ወደ ሽቦዎቹ እየጠቆሙ። «የዳባት ሚኒባስ ሳያመልጠን እንሂድ። ሊድያ ደጄን ካልረገጠች፣ እኔ ደጇን እረግጣለሁ።»