የረሃብ ገመና

በእኛ አገር ችጋር ሲገባ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው በሩን መዝጋት ነው። ሌባ ፈርቶ አይደለም፤ ጎረቤት የምድጃውን መቀዝቀዝ እንዳያይበት ነው። ውሃ ብቻ ጥዶ የሚያፈላም አለ፣ ጭሱ በጣሪያው ወጥቶ እንዲታይለት። ረሃብ ገመና ነው፤ ገመና ደግሞ ለባዳ አይታይም። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፤ ከተጻፈው ሁሉ ይበልጥ የሚከበረው ግን እሱ ነው።

ጭቃ ሹም አሻግሬ ይህን ሕግ ከማንም በላይ የሚያከብር ሰው ነበር። ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ፣ ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠችው ወይን አምባ ግብር የሚሰበስበው፣ የተጣላ የሚያስታርቀው፣ የመጣ ሹም የሚቀበለው እሱ ነው። ፊደል አይቆጥርም። መሬቱም ከጎረቤቶቹ እምብዛም አይበልጥ። ሀብቱ ስሙ ነበር። «አሻግሬ ቤት የገባ እንግዳ ጦሙን አያድርም» የሚለው ወሬ እስከ ወረኢሉ ገበያ ይደርሳል ይላሉ፤ እሱም ሲባል መስማት ደስ ይለዋል።

የስልሳ አራቱ ክረምት ዝናብ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ተቆረጠ። ጤፉ ሳያፈራ አረረ፣ ገብሱም ባዶ ዘለላ ይዞ ቆመ። ጥር ሲገባ ከአምስት ቤት በአራቱ የቀረው እህል ለዘር የተቀመጠው ብቻ ነበር። ከቆላ የሚወጣው ሰው ልጁን አዝሎ በአፋፉ እያለፈ ወደ መካነ ሰላም ይሄዳል፤ ሁሉም አይደርስም።

ልክ በጥምቀት ሰሞን ከምስለኔው ዘንድ መልእክተኛ መጣ። «ረሃብ ገባ ብሎ ደብዳቤ የጻፈ ስላለ ከአውራጃ አንድ ሹም ይመጣሉ፤ ደርጎ አሰናዱ፣ እንዳታሳፍሩኝ» ይላል መልእክቱ።

ያልታደለ አገር እንዲህ ነው። ሰውየው የሚመጣው ረሃብ ለማየት ነው፤ የወይን አምባ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የመከሩት ግን ማን በግ እንደሚያወጣ ነው። ያለችውን አንዲት በግ አሻግሬ ሰጠ። ከየቤቱ ጤፍ ተዋጣ፣ የዘር ጤፍ። አጥር የሚጋራው ኑርሁሴን ሁለት ቁና ሽምብራ ይዞ መጣ፤ ሚስቱ ሰብሪያ ለመጪው ዘር በቅል ደብቃ ያኖረችውን። በጓን የሚያርዳት ክርስቲያን ስለሆነ ኑርሁሴን ሥጋዋን አይቀምስም። ለማይበላው ድግስ ዘሩን ሰጠ።

«አገራችን ተዋርዳ ከምትታይ ይኸው» አለ። «አላህ ይተካዋል።»

ከዚህ የባሰውን አሻግሬ ብቻውን ሠራው። በዋዜማው ቤት ለቤት እየዞረ፣ አቅም አጥቶ የተኛ ካለ በሩ እንዲዘጋ፣ ደጅ የሚቀመጥ ካለ ወደ ጓሮ እንዲሄድ ለመነ። በመጨረሻ ኑርሁሴን ቤት ደረሰ። ሰብሪያ የአራት ወር ሕፃን ታቅፋ፣ እግሯ አብጦ፣ ደጃፏ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ዓይኗን ማየት ስላቃተው አጥሩን እያየ ተናገረ።

«ሰብሪያ፣ አፈር ስሆን፣ ነገ እንግዳው እስኪሄድ ከቤት ብቅ አትበይ።»

«አብሽሩ ጋሼ» አለችው። «አንወጣም። ልጅቱም አታስቸግርም፤ ማልቀስ ከተወች ሰነባብታለች።»

በማግሥቱ ሹሙ በበቅሎ መጣ፣ ጸሐፊውንና ሁለት ፖሊሶች አስከትሎ። በላ። ጠጣ። ጣቱን እየላሰ ስለ ወጡ አመሰገነ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ቀን እህል ያልቀመሰ ሆዳቸውን በጋቢ ሸፍነው «ይብሉልን፣ ይጨምሩ» እያሉ ቆሙ። ደሴ ዘጠነኛ ክፍል የምትማረውና ለጥምቀት የመጣችው የአሻግሬ ልጅ ይርገዱ ግን ሳህን አላነሳችም፣ እጅም አላስታጠበች። ምሰሶውን ተደግፋ ታያለች። እናቷ ሁለት ጊዜ በክርን ብትጎሽማትም ንቅንቅ አላለችም።

ሰዉ በቅሎዎቹን ሊጭን ሲወጣ ሹሙ አሻግሬን አጠገቡ አስቀመጠው። ከጸሐፊውና ከይርገዱ በቀር ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

«እንግዲህ አቶ አሻግሬ» አለ ጥርሱን እየጎረጎረ። «የደሴ ተማሪዎች የወይን አምባ ሕዝብ አለቀ ብለው ጽፈዋል። እኔ እዚህ መጥቼ ጠገብኩ። አንተ ንገረኝ። እህል ያስፈልጋል ካልክ እጽፋለሁ፤ በሳምንት ውስጥ መካነ ሰላም ድረስ በመኪና ይደርሳል። አያስፈልግም ካልክ ደግሞ እዚህ ወረቀት ላይ ጣትህን አኑር።»

አሻግሬ ወረቀቱን ትኩር ብሎ አየው። ሰውየው ገና አፉን አልጠረገም። ይህን አብልቶ፣ ይህን አጠጥቶ፣ እጅ ዘርግቶ «እህል ስጡኝ» ይበል? አብልቶ መለመን! አባቱ ያላደረገውን፣ አያቱ ያላደረገውን?

«ምን ይላል? አንብቢልኝ» አላት ይርገዱን፣ ጊዜ ለመግዛት ያህል።

ወረቀቱን ተቀበለች። «በወይን አምባ እርዳታ የሚያሻው ሰው አለመኖሩን አረጋግጣለሁ ይላል።» ወረቀቱን ዝቅ አደረገችው። «አባዬ፣ አይፈርሙ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጌታዬ፣ አሁን የበሉት ዘር ነው። ከአጥሩ ወዲያ ይምጡ፣ ሰው ላሳይዎት።»

ሹሙ ቅንድቡን አንሥቶ አሻግሬን አየው። ያን ጊዜ አንዲት ቃል በቂ ነበረች። «እውነቷን ነው» ማለት ብቻ።

አሻግሬ ሳቀ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ጌታዬ» አለ። «ትምህርት በዝቶባት ነው። ንጉሥ ይሙት፣ እኛ ዘንድ የተራበ የለም።» አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ ተጫነው።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ይርገዱ ወደ ደሴ ለመመለስ ተነሣች። አሻግሬ እስከ አፋፉ ሸኛት። ስትለየው ዞር ብላ፣ «ገመና ያሉት እኮ ሰው ነው አባዬ» አለችው። ስለ ወረቀቱ ለእናቷም እንኳ አልተናገረች።

ሰብሪያ በየካቲት ሞተች። ልጅቱ በሦስተኛው ቀን ተከተለቻት። በዚያ ዓመት ወይን አምባ አሥራ አንድ ሰው ቀበረች፤ አሻግሬም ከአንዱም ቀብር አልቀረም። መቃብር ቆፈረ፣ ኑርሁሴንን ደግፎ አለቀሰ። ልቅሶው የውሸት አልነበረም፤ የውሸት ቢሆን ይቀለው ነበር። ኑርሁሴን «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» ባለው ቁጥር አሻግሬ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመኛል። ልንገረው ብሎ ስንት ጊዜ አጥሩ ዘንድ ሄዶ ስለ ከብት አውርቶ ተመልሷል። ካፈርኩ አይመልሰኝ እንዲሉ፣ ዝም ያለበት ቀን በረዘመ ቁጥር አፉን መክፈት ባሰበት።

ሁለት ዓመት አለፈ። አሻግሬ የማለበት ንጉሥ ወረደ፤ መሬት ላራሹ ተባለ፤ ተማሪዎች ካኪ ለብሰው ለዘመቻ ገጠር ገቡ። በሰኔ ስልሳ ሰባት መካነ ሰላም ከሰፈሩት ዘማቾች ጥቂቶቹ የገበሬ ማኅበር ሊያቋቁሙ ወይን አምባ ወጡ። ከነሱ አንዷ ይርገዱ ነበረች። ከስታለች፣ ፀጉሯን አሳጥራለች። የአባቷን ጉልበት ሳመች፣ ጤንነቱን ጠየቀች፣ ሌላ አልጨመረችም።

ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሜዳ ተሰበሰበ። መለሰ የሚባለው የዘማቾቹ መሪ ረጅም ንግግር አደረገ። ሰዉ ግማሹን አልተረዳውም፤ ግን ለወጣቱ ላብ አዝኖ አጨበጨበለት። ከዚያ «ሊቀ መንበር ምረጡ፤ ሕዝቡን ያልበደለ፣ ደሀን ያላስጠቃ ይሁን» ተባለ። ይርገዱ ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

መጀመሪያ የተነሣው ኑርሁሴን ነበር።

«እኔ አሻግሬን ነው የምለው» አለ። «ጭቃ ሹም ነበር ትሉ ይሆናል። ነበር። ግን ያ የአውራጃ ሹም የመጣ ቀን አላዋረደንም። ቢርበንም ክብራችንን ጠበቀልን። ሰብሪያን ስቀብር አብሮኝ የቆፈረ እሱ ነው። ወላሂ፣ ከሱ የተሻለ ሰው እዚህ ሜዳ ላይ የለም።»

ሰዉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ።  የአሻግሬ ዓይን ይርገዱን ፈለገ። አሁን ትናገራለች ብሎ ጠበቀ፤ እንድትናገርም በልቡ ለመነ። እሷ ካወጣችው እሱ ማውጣት አይኖርበትም። ይርገዱ ግን ቀና አላለችም። የኑርሁሴንን ቃል እየጻፈች ነበር። ያን ጊዜ ገባው። ሁለት ዓመት ሙሉ ገመናውን የተሸከመችለት ይቺ ልጅ ናት፤ አሁን አውርዳ እፊቱ አስቀምጣዋለች፣ ያንሣው አያንሣው የሱ ፈንታ ነው።

ተነሣ። ተነሥቶም ሽማግሌ እንደሚናገረው ተናገረ።

«ወገኖቼ፣ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም። በዚያ ክፉ ቀን እኔም ያጎደልኩት አይጠፋም። ይቅር በሉኝ። ሌላ ሰው ምረጡ።»

እንዴት ያለ ትሑት ሰው! ሕዝቡ ይበልጥ ወደደው። «አንተን ነው! አንተን ነው!» የሚለው ድምፅ ከየአቅጣጫው ተነሣ፤ ሴቶቹ እልል ሊሉ ቃጣቸው። አሻግሬም፣ እግዜር ይይለት፣ ግዴታዬን ተወጣሁ ብሎ ለመቀመጥ ወገቡን አጠፈ።

«አባዬ» አለች ይርገዱ። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤ በደሴ መንገድ ላይ ዞር ብላ ካናገረችው ድምፅ ይልቅ የለሰለሰ ነው። «ያጎደሉት ምንድን ነው ብዬ ልጻፍ?»

ቀና ብሎ ቆመ።  እድሜ ልኩን ታናሽ ከታላቅ ይማራል ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው፣ እውነት እንዴት እንደሚነገር ከገዛ ልጁ ሊማር ቆሟል። ለዚያውም ደብዳቤ ጻፍኩ ብላ ሹም ፊት በቆመችበት ዕድሜ እሷ ያላፈረችበትን፣ እሱ በሽበቱ ያፍርበታል።

«ሰውየው እህል ላስልክ ወይ ብሎ ጠየቀኝ» አለ ወደ መሬት እያየ። «አይላክ አልኩ። ጣቴን አኖርኩ።»

የሰሙት ከፊት ያሉት ብቻ ናቸው። ከኋላ አንዲት ሴት «ምን አለ? ምን አለ?» ትላለች።

«አልሰሙም አባዬ» አለች ይርገዱ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ደግመው ይበሉት።»

አሻግሬ ቀና አለ። ጮኸ፤ እረኛ ከማዶ እንደሚጣራው ጮኸ።

«እህል ይምጣላችሁ ወይ ተብዬ አይምጣ ያልኩ እኔ ነኝ! ይቺ ልጅ አይፈርሙ ብላ ለምናኝ ነበር። ሳቅሁባት። ሰብሪያ ያን ጊዜ ከአጥሩ ወዲያ በሕይወት ነበረች፤ እንዳትታይብኝ በር ያዘጋሁባትም እኔ ነኝ!»

 ኑርሁሴን አሻግሬን ሲጠቁም በቆመበት ገና እንደቆመ ነው።

«መቼ ይደርስ ነበር እህሉ?» ብሎ ጠየቀ ቀስ ብሎ።

«በሳምንት።»

ኑርሁሴን ጣቱን እያጠፈ ትንሽ አሰበ። «ሰብሪያ ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ቀን ቆይታለች» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ፊቱን ወደ ይርገዱ መለሰ። «ጻፊው፣ ልጄ።»

ይርገዱ ጻፈች። እስክትጨርስ አሻግሬ ሜዳው መካከል ቆሞ ጠበቀ፤ ተቀመጥ ያለው ሰው አልነበረም።