ሰማያዊው መብራት የበራ ዕለት

በሙዚቃ ሠሪዎች ዘንድ ስሙ «ጆሮ» ነው። የመታወቂያ ስሙን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም የምትጠራበት ስትቆጣ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መስኮት በሌላት ስቱዲዮ ተቀምጦ የሰው ዘፈን ሲያጣፍጥ ኖሯል። ዘፋኙ ዘፍኖ፣ ተጫዋቹ ተጫውቶ ካበቃ በኋላ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። «ጆሮ ሰምቶታል?» ይባላል። «ሰምቶታል» ከተባለ ክርክሩ እዚያው ይሞታል።

እንዲህ ያለ ሰው ለቤቱ ገመድ አልባ የሙዚቃ ማጫወቻ ሲገዛ መመሪያ አያነብም። መመሪያ ጆሮ ለሌላቸው ነው። ካርቶኑ ላይ «ከፍተኛ ጥራት፣ ልክ ስቱዲዮ ውስጥ እንደተቀዳው» ተብሎ ተጽፏል። ማጫወቻ ሳጥኑን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ፣ ስልኩን አገናኘ፣ ዓይኑን ጨፈነና «ይሄ ነው እንግዲህ!» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንት፣ ቤቱን የረገጠ እንግዳ ሁሉ ሶፋው መሃል እየተጎለተ «በመሣሪያዎቹ መሃል ያለውን አየር ሰማኸው?» ተብሎ ተጠየቀ። አልሰማሁም ያለ አልተገኘም። ጎረቤታቸው ባለ ጋራዡ እንኳ፣ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲሰማ የሚውለው ሰውዬ፣ «ኧረ አየሩ ብርድ ለቀቀብኝ!» ብሎ ኮቱን ቆልፎ ወጥቷል።

በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ሳጥኑ ግንባር ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ቢጫ ነበረች።

ነገሩ የመጣው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው። ሰኞ ጠዋት የአንዲት ወጣት ዘፋኝ የመጀመሪያ አልበም ሊለቀቅ ነው፤ ሦስት ዓመት ለፍታበታለች። አልበሙ ከወዲሁ ኢንተርኔት ላይ ተጭኖ ተቆልፏል፤ መክፈት የሚችለው ጆሮ ብቻ ነው። የቀረው እንደ ተራ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ አንዴ መስማትና «ይለቀቅ» ማለት ነበር። እሱ «ይለቀቅ» ካለ ደግሞ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

የሒሳብ አስተማሪዋ ሚስቱ ጠረጴዛው ላይ ፈተና ታርማለች። አማቱ ወጥ ቤት ካሮት ይልጣሉ። ስለ አማቱ ጆሮ የቆየ አቋም አለው፤ መስማት ከብዷቸዋል ባይ ነው። ማስረጃው፣ እሱ ሲጠራቸው አቤት የሚሉት በሦስተኛው ነው። ስለዚህ አዝኖላቸው ወጥ ቤት ውስጥ አሮጌ ትንሽ ስፒከር ሰቅሎ ከትልቁ ሳጥን ጋር አያይዞላቸዋል።

«ይቺ መብራት ለምንድን ነው ቢጫ የሆነችው?» አለች ሚስቱ ድንገት።

«ጌጥ ናት።»

«ጌጥ?» ቀይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከቁም ሳጥኑ ራስ ላይ ካርቶኑን አውርዳ መመሪያውን እንደ ፈተና ወረቀት ትመረምረው ጀመር። «እስቲ ስማ፤ ቢጫ ዝቅተኛ ጥራት፣ ነጭ መደበኛ፣ ሰማያዊ ከፍተኛ ጥራት።»

«የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው።»

«ሙዚቃውን በምንድን ነው የምትልከው?»

«በብሉቱዝ ነዋ።»

«ስሕተት አንድ። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ነው የሚልከው። ሳጥኑ ራሱ በዋይፋይ ከኢንተርኔት መሳብ አለበት፤ ስልኩ አዛዥ ብቻ ነው።» ስልኩን ተቀበለችው። «ስሕተት ሁለት፤ መተግበሪያው ዳታ ቆጣቢ ላይ ነው። ስሕተት ሦስት፤» ወደ ወጥ ቤት ጠቆመች፤ «የተያያዙ ስፒከሮች ሁሉ የሚጫወቱት በደካማው ልክ ነው ይላል። ትንሿ ስፒከር ሁሉንም ወደ ታች ጎትታዋለች።»

«ማን ነው ደካማው?» አሉ አማቱ ከወጥ ቤት። ማንም አልጠራቸውም ነበር።

«ከመቶ ስንት ሰጠሽኝ?» አለ ጆሮ እየሳቀ።

«ስምህን በትክክል ጽፈሃል። ለእሱ ሁለት።»

ብሉቱዙን አጠፋች፣ ሳጥኑን ከዋይፋዩ አገናኘች፣ ዳታ ቆጣቢውን አነሳች፣ የወጥ ቤቷን ስፒከር ለየቻት። መብራቷ ብልጭ ድርግም አለች፤ ነጭ ሆነች፤ ከዚያ ሰማያዊ።

ጆሮ ሶፋው መሃል ተቀምጦ የዘፋኟን አልበም ከፈተ። ዓይኑን ጨፈነ። ያው ነው። ትናንት ስቱዲዮ እንደሰማው፣ ከትናንት ወዲያም እንደሰማው። «አላልኩም? ምንም ልዩነት...» ሊል ዓይኑን ቢገልጥ፣ ሚስቱ ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ደፍናለች። ወጥ ቤት ውስጥ ቢላዋ ወለሉ ላይ ተንኳኳ። አማቱ የተላጠ ካሮት እንደያዙ በሩ ላይ ብቅ አሉ፤ ዓይናቸው ፈጧል።

«ኧረ ጉድ! ልጄ፣ ልጅቷን ማን ነው መርፌ የሚወጋት?»

«የቱ መርፌ?»

«ይሄዋ! <ስ> ባለች ቁጥር! ጥርሴ ድረስ ገባ እኮ!»

ጆሮ ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷም በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ሳጥኑ ተበላሽቷል» አለ። ይህንን ሊያረጋግጥ የሌላ ስቱዲዮ ሥራ ከፈተ፤ ሁልጊዜ «ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተዘፈነ» እያለ የሚያላግጥበትን። ለእሱ አሁንም ብርድ ልብስ ነው። የሚስቱ እጅ ግን ቀስ ብሎ ወረደ፤ አፏ ተከፍቶ ቀረ። አማቱ መቃኑን ተደግፈው «ውይ! ከንፈሩን ሲያርስ ሰማሁት። እዚሁ አጠገባችን የቆመ መሰለኝ» አሉ። ጆሮ ወደ ራሱ ሥራ መለሰው፤ መርፌ። ወደዚያኛው፤ «ውይ!»። እንደገና ወደ ራሱ፤ መርፌ። መብራቷ ንቅንቅ አላለችም፤ ሰማያዊ።

ሚስቱ ስልኳ ላይ የመስማት መለኪያ ፈልጋ አወጣች። ከወፍራም ተነሥቶ እየቀጠነ የሚሄድ አንድ ድምፅ ነው። ሦስቱም ሶፋው ላይ ተደረደሩ። የሚሰማው እጁን ያነሣል፤ ያልሰማ ያወርዳል። ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ። ጆሮ እጁን አወረደ። «አለቀ» አለ።

ወደ ግራ ዞረ፤ የሚስቱ እጅ እንዳለ ነው። ወደ ቀኝ ዞረ፤ የአማቱም፣ ከነካሮቱ።

«እማማ፣ እጅዎን ያውርዱ እንጂ። አለቀ እኮ።»

«ምኑ ነው ያለቀው? እየጮኸ!»

ጆሮ ክው አለ። ሁለት እጆች ተነሥተው ቆመዋል፤ ለእሱ የሚሰማው ዝምታ ብቻ ነው። አማቱ እጃቸውን እስኪያወርዱ ትንፋሹን ዋጠ፤ የሚስቱ እስኪወርድማ ዓመት መሰለው። ሃያ ሁለት ዓመት ከትልልቅ ስፒከሮች ፊት መቀመጥ ቀጭን ድምፅ የመስማት አቅሙን ከላይ ከላይ ሲሸርፍበት ኖሮ፣ እሱ የጎደለውን ያህል ቀጭን ድምፅ በሰው ዘፈን ላይ ሲጨምር ከርሟል። «ብርሃን ጨመርኩበት» ነበር የሚለው።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አሉ አማቱ በለሆሳስ።

«እማዬ!» አለች ልጃቸው።

ጆሮ ስልኩን አነሣ፤ አስቀመጠ። ዝም ቢል ማን ይጠይቀዋል? ሰኞ ይለቀቃል፣ ይጨበጨባል፤ «ጆሮ ሰምቶታል» ይባላል። የሃያ ሁለት ዓመት ስም ነው፣ ሌላ ሙያ የለውም። ስልኩን ደግሞ አነሣና ለዘፋኟ ደወለ።

«ጋሼ! ይለቀቅ አሉ?»

«አይለቀቅ።»

ከወዲያ በኩል ትንፋሽ ተሰማ። «ድምፄ ነው አይደል? አውቄዋለሁ።»

«ድምፅሽ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ቀጭኑ ድምፅ አይሰማኝም። አሁን ነው ያወቅሁት፣ ከሩብ ሰዓት በፊት። <ስ> ስትዪ...»

«ምላጯ?»

«ምን አልሽ?»

«እኛ ምላጯ ነው የምንላት፤ እኔም፣ ከበሮ መቺውም፣ ሁላችንም።»

«ታውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ። እኔማ ከጥርሴ የመጣ መስሎኝ የፊቱን አስሞርጄዋለሁ።»

«ጥርስሽን?!»

«ሐኪሙ ምንም የለሽም ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ የለመንኩት።»

«ምን ነው ታዲያ ብትነግሪኝ፣ ልጄ?»

«ለእርስዎ ጋሼ? እኔ?» አለች፤ ከልቧ ደንግጣ።

ስልኩን ዘጋ። የሰኞውን መልቀቂያ አሰረዘ። ላፕቶፑን አምጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፣ ከሳጥኑ ጋር አገናኘው፣ የመጀመሪያውን ዘፈን ከፈተ። አማቱ ወደ ወጥ ቤት ሊመለሱ ሲሉ «እማማ» ብሎ ጠራቸው። በአንደኛው ዞሩ።

«እባክዎ እዚህ ይቀመጡ። ሕመሙ ሲተውዎ ይንገሩኝ።»

ካሮቱን ለልጃቸው ሰጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ዘፈኑ ጀመረ። ጆሮ ጣቱን ላፕቶፑ ላይ አሳርፎ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ወደ ታች ሳበ።

«አሁንስ?»

«ገና ነው።»

ሳበ። ለእሱ ያው ነው።

«አሁንስ?»

«ገና፤ አውርደው ልጄ።»

የማይሰማውን ነገር አወረደው፤ ፊታቸውን እያየ።